ወንዙ ሲሞላ መምህሩ በየትኛው ማዶ ነው?

ለብዙ ዓመታት በልቤ ይዤ ለማንም ያላወራሁት ነገር አለ። ፊደል የቆጠርኩበት ትምህርት ቤት የቆመው የሌላ ሰው መሬት ላይ ነበር።

እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በ1977ቱ ረሃብ ከወሎ ተነሥተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ናቸው። ያደግኩበት መንደር እንደ ሌሎቹ የሰፈራ መንደሮች «አምባ» ተብሎ ቁጥር ተሰጥቶት ነበር፤ ዛሬም በአሶሳ አካባቢ ሰው ቀዬውን በቁጥር ሲጠራ ትሰማላችሁ። መንግሥት ለእኛ ለመጤዎቹ መንደር ሲመሠርት ጫካው ባዶ ነው ተብሎ ነበር። ጫካው ግን ባለቤት ነበረው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ በርታዎች መሬቱን እያሳረፉና እየተዘዋወሩ ማሽላ ይዘሩበት፣ ቀፎ ይሰቅሉበት፣ ቀርከሃ ይቆርጡበት ነበር። እናቴ ይህን ታውቅ ነበር። የመጀመሪያውን ክረምት ያለፍነው የበርታ ሴቶች ባሳዩዋት ቅጠልና በሰጧት ማሽላ እንደሆነ እስክትሞት ድረስ ስታነሣው ኖራለች።

ይህን ጉዳይ አፍ አውጥቼ ያልተናገርኩት ስለማፍርበት ብቻ አይደለም። በእኛ ክልል በቤኒሻንጉል ጉሙዝ «ነባር» እና «መጤ» የሚሉት ቃላት ቀላል አይደሉም፤ ሰው ተፈናቅሎባቸዋል፤ ደም ፈስሶባቸዋል። ስለዚህ ዝም ማለት ሰላም ይመስለኝ ነበር። ያን ዝምታ ያስተወኝና ዛሬ ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ፣ በውሃ በተከበበች አንዲት መንደር ትምህርት ቤት ለመሥራት ስናቅድና ገንዘብ ስናፈላልግ የተማርኩት ነገር ነው።

በልጅነቴ አንድ ወንበር ላይ አብሮኝ የሚቀመጥ የበርታ ልጅ ነበር። መምህሩ በአማርኛ የሚያስተምረውን አይሰማም፤ ከሰሌዳው ላይ ያለውን ግን አንድም ሳያስቀር ይገለብጣል። የእጅ ጽሑፉ ከሁላችንም ያምር ነበር። «በ»ን ሲጽፍ ሁለቱን እግሮች እኩል አድርጎ፣ መስመሩን ሳይለቅ፣ ምላሱን በጥርሱ ነከስ አድርጎ ነው። ምን እንደጻፈ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ሦስተኛ ክፍል ሳንደርስ ቀረ። ለምን ቀረ ብሎ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም።

አድጌ በትምህርት ሥራ ላይ ስሰማራ ነገሩ የአንድ ልጅ ዕጣ ብቻ እንዳልነበር ገባኝ። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዓለም ያደነቀው ሥራ ነበር፤ ውሎ አድሮ በ15 የሀገራችን ቋንቋዎች ተካሂዷል። ከ15ቱ ውስጥ ግን የእኛ ክልል ቋንቋዎች፣ በርታም ጉሙዝም ሽናሻም ማኦም ኮሞም አልነበሩም። ዛሬ ክልል የሆነው ይህ ሰፊ ምድር ተራው እስኪደርሰው ብዙ መጠበቅ ነበረበት። አሁን በርታ፣ ጉሙዝና ሽናሻ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣሉ። ያ የወንበር ጓደኛዬ ዛሬ ቢወለድ ቢያንስ የሚጽፈውን ያውቅ ነበር።

ጥቂት ካስተማርኩ በኋላ በትምህርት ዕቅድና በጀት ሥራ ላይ ተመደብኩ። መንደሯን ያወቅኳት በዚህ ሥራ ነው። ስሟን አልጠቅስም፤ ሰዎቿ ስማቸው በጽሑፍ እንዲወጣ አልጠየቁኝም። በአንድ ወገኗ ዳቡስ ይፈስሳል። በሌላው ወገን ወደ ዳቡስ የሚገቡ ሁለት ወንዞች አሉ፤ በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ ተረግጠው የሚታለፉ፣ ክረምት ሲገባ ግን በቅሎ የሚወስዱ ናቸው። በካርታ ላይ ደሴት አይደለችም። ዝናቡ ሲጠና ግን ደሴት ናት። ያኔ መሻገሪያው ከግንድ የተፈለፈለ ጀልባ ነው፤ ውሃው ሲቆጣ እሱም ይቆማል። ጉማሬ ደግሞ አለ።

ደጋ ላይ ለኖረ ሰው «ክረምት» ማለት ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ የሚወጣ ነው። የትምህርት ካላንደራችንም የተቀረጸው ለዚያ ነው፤ አደይ ሲፈነዳ ደወል ይደወላል። አሶሳ አካባቢ ግን ዝናብ ግንቦት ላይ ይገባና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ወንዞቹ ገና ሙሉ ናቸው። ስለዚህ በውሃ ለተከበበ መንደር የተመደበ መምህር የምደባ ደብዳቤውን ይዞ ወረዳ ከተማ ይቀመጣል። ሲሻገር ኅዳር ይሆናል። ግንቦት ላይ ደመናው ሲጠቁር ደግሞ ወንዙ ሳይዘጋበት ለመውጣት ይቸኩላል። ወረቀት ላይ ሙሉ ዓመት የሚማሩ ልጆች በእውነት የሚማሩት የዓመቱን ግማሽ ነው። በፈተና ሲወድቁ «የቆላ ልጅ ትምህርት አይወድም» ይባላል።

ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት ለመነጋገር የተሰበሰብነው በአንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ነበር። ከወረዳ የመጣን ባለሙያዎች፣ የቀበሌው አመራሮች፣ ወላጆች፣ የሀገር ሽማግሌዎች ነበርን። ንድፉን ዘርግተን አሳየን፤ አራት ክፍል ያለው አንድ ብሎክ፣ የርእሰ መምህር ቢሮ፣ መጸዳጃ ቤት፣ አጥር። ሁሉም ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ በመንደሩ ኸልዋ ልጆችን ቁርኣን የሚያስቀሩ አንድ ሼህ ንድፉን ትኩር ብለው አዩና በአስተርጓሚ እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦

«ወንዙ ሲሞላ መምህሩ በየትኛው ማዶ ነው?»

ንድፉ ላይ መልስ አልነበረም። ክፍል አለ፤ ሰሌዳ አለ፤ የባንዲራ መስቀያ ሳይቀር አለ። መምህሩ የሚያድርበት ግን የለም። ሼሁ ቀጠሉ። «እኛ ትምህርት ቤት ስንከፍት መጀመሪያ የምንፈልገው ሰው ነው። ሼህ እንለምናለን፤ ጎጆ እንሠራለታለን፤ ማሽላ እናስገባለታለን፤ ሚስትና ልጅ ካለው እነሱም ይመጣሉ። እሱ ከተቀመጠ ልጆቹ ዛፍ ሥርም ይማራሉ። እናንተ ግን መጀመሪያ ግድግዳ ታመጣላችሁ፤ ሰውን መጨረሻ ላይ ታስቡታላችሁ።»

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አያቴ ወሎ ውስጥ ስለ ቆሎ ተማሪነቱ የነገረኝ ሁሉ መጣብኝ። በቤተ ክህነቱም ቢሆን ትምህርት ቤት ማለት የኔታ ናቸው። የኔታ ባሉበት ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ አኩፋዳውን ይዞ ይለምናል፤ መንደሩ ይመጸውተዋል። እነ ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ ባሉበት በጣና ሐይቅ ሰው በታንኳ እየተሻገረ እውቀት ፍለጋ ወደ ደሴት ይሄድ ነበር። ውሃ መሃል መሆን ለትምህርት እንቅፋት ተደርጎ አልታየም። ምክንያቱም አስተማሪው እዚያው ነበር። የኸልዋው ሼህና የጉባኤ ቤቱ የኔታ ተገናኝተው አያውቁም፤ ስለ ትምህርት ቤት ግን አንድ ነገር ነው የሚሉት። የእኛ የበጀት ቅጽ ብቻ ነው ሌላ የሚለው።

ለምን ሌላ እንደሚል ላስረዳ። የትምህርት ገንዘብ ሁለት ኪስ አለው። ካፒታል በጀት ለግንባታ ነው፤ ከክልል ወይም ከረጂ ይመጣል፤ ሲጠናቀቅ ይመረቃል፤ ሪባን ይቆረጣል። መደበኛ በጀት ግን በየዓመቱ ከወረዳ የሚወጣ ነው። እሱም አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ከደመወዝ የሚተርፈው ለጠመኔና ለመዝገብ እንኳ አይበቃም። ያንን ክፍተት እንዲሞላ ነበር በ2001 በተጀመረው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች በቀጥታ የሚሰጥ ድጎማ የመጣው። ድጎማው ብዙ ትምህርት ቤቶችን አድኗል፤ ዓይኔ ያየውን አልክድም። ሆኖም የሚሰላው በዋናነት በተማሪ ቁጥር ነው። ትልቅ የከተማ ትምህርት ቤት ብዙ ያገኛል፤ ወንዝ ማዶ ያለች ትንሽ መንደር ጥቂት ታገኛለች። ነገር ግን አንድ ካርቶን ጠመኔ ወንዝ ማዶ ለማድረስ የሚያስፈልገው ጉልበትና ገንዘብ ከከተማው ብዙ እጥፍ ነው። የራቀ ሰው ለሁሉም ነገር የበለጠ ይከፍላል፤ የሚሰጠው ግን ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። የሀገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። በጀት ተደልድሎ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ውል እስኪፈረም ወራት ይሄዳሉ። በሌላ ቦታ ይህ ችግር የለውም። ወንዝ ማዶ ግን ከባድ ዕቃ መሻገር የሚችለው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ውሉ የካቲት ላይ ከተፈረመ ሲሚንቶው ሳይሻገር ዝናብ ይይዘዋል። ሰኔ ላይ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል፤ «ወረዳው በጀቱን መጠቀም አልቻለም» የሚል ሪፖርትም ይጻፋል። በየቦታው ግማሽ ድረስ ቆመው ሣር የበቀለባቸው ግድግዳዎች ታሪካቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ምስጥ ነው። አሶሳን የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሊገርመው ይችላል። ቀርከሃና ጭቃ በፍጥነት የሚሠራ፣ ቀዝቃዛ፣ ለአካባቢው አየር የተስማማ ቤት ይሆናል፤ ሰዉ ጥበቡን ያውቀዋል። ምስጥ ግን ከመሬት ተነሥቶ ምሰሶውን ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ስታየው ጤነኛ ነው፤ በጣትህ ስትጫነው እንደ ብስኩት ይፈርሳል። ስለዚህ መሠረቱ ድንጋይና ሲሚንቶ መሆን አለበት። ሲሚንቶ ማለት ደግሞ መሻገር ማለት ነው።

ከሼሁ ጥያቄ በኋላ ዕቅዱ እንደገና ተሠራ፤ የሠሩትም የመንደሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ ብል ይቀላል። በእነሱ ቅደም ተከተል አንደኛ የመምህራን ቤት፣ ሁለተኛ ውሃ፣ ሦስተኛ ክፍል ሆነ። ውሃ ከክፍል የቀደመበትን ምክንያት የተናገሩት እናቶች ናቸው። ሴት ልጅ ከትምህርት የምትቀረው ክፍል ስለሌለ አይደለም፤ ጠዋት ውሃ ቀድታ ስትመለስ ስለሚረፍድባት ነው። የእጅ ፓምፑ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከተተከለ ጄሪካኗን ይዛ ትመጣለች፤ ትማራለች፤ ቀድታ ትሄዳለች። ይህን ያህል ቀላልና ብልህ ዕቅድ በቢሮ ውስጥ ሲወጣ አላየሁም።

ከባዱ ክርክር የተነሣው በቦታው ላይ ነው። አንድ ረጂ ድርጅት ግንባታውን ሊደግፍ ፈቅዶ ነበር፤ መኪና እስኪደርስበት ድረስ፣ ማለትም ከወንዙ ወዲህ፣ ከመንገዱ ዳር እንዲሠራ ግን አሳሰበ። ሂሳቡ ስህተት የለውም፤ ከመንገድ ዳር ሲሠራ ዋጋው በእጅጉ ይቀንሳል፤ ተቆጣጣሪም በቀላሉ ይደርሳል። ቀሪውን ሂሳብ ያሰበው ግን አንድ አባት ነው። «ሲሚንቶው አንድ ጊዜ ይሻገራል፤ ልጄ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ትሻገራለች» አለ። ከዚህ በኋላ ስለ ቦታ የተናገረ ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በመንደሩ ወገን፣ ጎርፍ በማይደርስበት ከፍታ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ድርጅቱ ለክፍሎቹ ሊከፍል ተስማማ። የመምህራን ቤት ግን በደንቡ እንደማይፈቀድለት ገለጸ።

የመምህራኑ ቤት የመንደሩ ዕዳ ሆነ ማለት ነው። ማሽላ ያለው ማሽላ አመጣ፤ ሰሊጥ ያለው ሰሊጥ፤ ፍየል ያለው ፍየል። ወጣቶቹ ድንጋይና አሸዋ በደቦ አወጡ። በአካባቢው ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች ደግሞ ወርቅ አመጡ። ከእነሱ አንዷን አልረሳትም። በዕድሜ የገፋች ሴት ናት፤ እጆቿ ውሃ ውስጥ ከመዋል ብዛት ተሸብሽበዋል። ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠሮ ፈታች። በቋጠሮው ውስጥ የላስቲክ ቁራጭ፣ በላስቲኩ ውስጥ ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱ ጥቂት የወርቅ ቅንጣቶች ነበሩ። ገንዘብ ያዡ በትንሿ ሚዛን ሲመዝን ትንፋሹ እንዳይበትናቸው ፊቱን ዞር አደረገ። «እናቴ፣ ለክፍሉ ብዬ ልመዝግበው?» ብሎ ጠየቃት።

«አይሆንም ልጄ» አለች። «ለመምህሩ ቤት ቆርቆሮ ይሁንልኝ። ለክፍል የሚሰጥ ሰው አይጠፋም።»

ይህን ስትናገር የረጂ ድርጅቱን ደንብ አላነበበችም፤ የካፒታልና የመደበኛ በጀትን ልዩነትም ማንም አላስተማራትም። እኔ በብዙ ሥልጠና የተማርኩትን እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ሁሉም ሰው ስሙ ሊጻፍበት የሚችለውን ነገር መስጠት ይወድዳል፤ በሌሊት መብራቱ የሚበራውን፣ በክረምት ጣሪያው የማያፈሰውን ትንሽ ቤት ግን የሚያስብለት ጥቂት ነው። ቤኒሻንጉል ከ1890ው የራስ መኮንን ዘመቻ ወዲህ ወርቁን ሲገብር የኖረ ምድር ነው፤ አካባቢውን በገዙት በሼህ ሆጀሌ ዘመን ወርቁ በጭነት ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። ያን ቀን የመንደሩ ወርቅ ለመንደሩ ልጆች ሲቆም አየሁ።

የመምህራኑ ቤት ከክፍሎቹ ቀድሞ ተጠናቀቀ። ሁለት ክፍልና አንድ ትንሽ ጎተራ አለው። ጎተራው የተሠራው ለክረምት የሚሆን እህል ዝናብ ሳይገባ እንዲሞላበት ነው። ትምህርት በዚያ ዓመት በቀርከሃ ዳስ ሥር ተጀመረ። የክፍሎቹ ብሎክ የተነሣው ዕቃው በጥር ተሻግሮ ካለቀ በኋላ ነው፤ ይህ እንዲሆን የግዢው ሥራ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ በሚወርድበት ጊዜ፣ መጠናቀቅ ነበረበት። ዕቅድ ማለት ከወንዙ ጋር ቀጠሮ መያዝ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

መንደሩ በዚህ አልቆመም። የሚመጣ መምህር ቤት ቢያገኝም አንድ ቀን እንደሚሄድ ያውቃሉ። ስለዚህ ከመንደሩ ልጆች አስተማሪ ለማፍራት ወሰኑ። ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ወረዳ ከተማ ቤት ተከራይተው እንዲማሩ ቀለባቸውን በየተራ ቻሉ። ከእነሱ መካከል እስከ መምህራን ኮሌጅ የዘለቁ አሉ፤ በክልላችን በግልገል በለስ ያለው ኮሌጅ የብዙ ነባር ልጆች ተስፋ ነው። በበርታ ቋንቋ ማስተማር የሚችል፣ ልጆቹን በአባታቸው ስም የሚያውቅ፣ ወንዙ ቢሞላም የትም የማይሄድ መምህር ያኔ ተገኘ።

የዚህን ዋጋ ያየነው በክፉ ቀን ነው። በ2011 በካማሺ፣ ከዚያም በተለይ በ2013 በመተከል የደረሰው ግድያና መፈናቀል የክልሉን ሕዝብ ሁሉ ያደማ ነው። ስንት ቤተሰብ እንደፈረሰ በዚህ ጽሑፍ መዘርዘር አልችልም። በትምህርት ዓይን ያየሁትን ብቻ ልናገር፦ በብዙ ቦታ ከሌላ አካባቢ የመጡ መምህራን ሕይወታቸውን ይዘው ወጡ፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። ክፍሎቹ ባዶ ቀሩ። በእኛ በኩል ሽብሩ እንደዚያ ባይከፋም ፍርሃቱ ሁሉንም ያዘ፤ ከመንደሩ ልጆች የተገኘው መምህር ግን ከተማሪዎቹ ጋር ነበር። ትምህርት ሳይቋረጥ ቀጠለ። በዚያ ሰሞን እኔም የሰፋሪ ልጅ ሆኜ ወደዚያ መንደር ስሻገር ፈርቼ ነበር፤ ይህንንም ልናዘዝ። ጀልባው ላይ የተቀበሉኝ ግን ያው ሰዎች ናቸው።

ያን ዕለት ነው ለሼሁ የልቤን የነገርኳቸው። ማታ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀርቦልን በልተን ሰው ሲበተን፣ «አባቴ፣ እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት የእናንተ መሬት ላይ ነው የተሠራው» አልኳቸው። አልደነገጡም። «እናውቃለን» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «መሬቱን አንተ አልወሰድክም፤ አንተ ልትመልሰውም አትችልም። ልጆቻችሁስ የት ይሂዱ? ያኔ እኛን ያመመን ትምህርት ቤቱ መሠራቱ አይደለም። ማንም ስላልጠየቀን ነው። ቢጠይቁን ኖሮ ልጆቻችን አብረው የሚማሩበትን ቦታ እኛ ራሳችን እናሳያቸው ነበር። አንተ እዚህ መጥተህ ጠይቀኸናል። የሚቀጥለውንም መንደር ሄደህ ጠይቅ» አሉኝ።

ለዘመናት ዕዳ ነው ብዬ የተሸከምኩት ነገር እንዴት እንደሚከፈል ያን ማታ አወቅሁ። የሚከፈለው በጸጸት አይደለም። ሰውን አስቀድሞ በመጠየቅ ነው፤ የተናገረውንም ቅጹ ላይ በተናገረው ቅደም ተከተል በመጻፍ ነው።

ከግድግዳ ሰው እንደሚቀድም ለመማር ክልላችን ሌላም ትልቅ ምሳሌ ነበረው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በፓዌ የጣና በለስ ፕሮጀክት በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ተጀመረ። መንገድ፣ እርሻ፣ ፋብሪካ፣ ሆስፒታል ተሠራ፤ ለዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥና ጣሊያኖቹ ሲወጡ አብዛኛው ሥራ ቆመ፤ መሣሪያውም ተበተነ፤ ዛገ። ሆስፒታሉ ግን ዛሬም ያገለግላል፤ ሐኪምና ነርስ የሚመድብለት፣ በየዓመቱ በጀት የሚይዝለት ባለቤት አግኝቷልና። የአንድ ነገር ዕድሜ የሚወሰነው በተሠራበት ገንዘብ ሳይሆን ከተሠራ በኋላ በሚንከባከበው እንደሆነ የፓዌ ሰው ጠንቅቆ ያውቃል።

የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶችንም ሳስብ ያው ነገር ይመጣብኛል። የዛይ ሰዎች በቱሉ ጉዶና በሌሎቹ ደሴቶች ለዘመናት ቋንቋቸውንና ሃይማኖታቸውን ጠብቀው ኖረዋል። ባለፉት አሥርተ ዓመታት ግን ብዙዎቹ ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወጥተዋል፤ ትምህርትና ሕክምና ፍለጋም አንዱ ምክንያት ነው። ሰው ወደፈለገበት መሄድ መብቱ ነው። ልጁን ለማስተማር ሲል ብቻ የአያቶቹን ደሴት ለመልቀቅ ከተገደደ ግን ያ ምርጫ አይባልም።

ይህን የምለው ያለፈውን ለመተረክ ብቻ አይደለም። በክልላችን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኋላ የተኛው ንጋት ሐይቅ እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ፣ ሲሞላ ወደ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ነው። ሸለቆዎች ሐይቅ ሆነዋል፤ ኮረብታዎች ደሴት ሆነዋል። ውሃው የሚሸፍነው ቦታ ላይ የነበሩ የጉሙዝና የበርታ ቤተሰቦች ወደ አዲስ መንደሮች ተዛውረዋል። በዳርቻው ገና የሚተከሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የዓሣ አስጋሪ ልጅ፣ የጀልባ ነጂ ልጅ፣ የአዲስ ከተማ ልጅ ይመጣሉ። እንደ ሀገር በራሳችን ገንዘብ፣ ከደመወዛችን ቦንድ እየገዛን፣ ያን የሚያህል ግድብ ሠርተናል። ግድቡን በሰው መዋጮ የቻለ ሕዝብ በዳርቻው ላሉት ልጆች የመምህራን ቤት ማቆም አያቅተውም። የሚያስፈልገው ከየት እንደሚጀመር ማወቅ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በውጭ ሀገር ሆናችሁ ለትውልድ ቀያችሁ ትምህርት ቤት ለማሠራት ለምታዋጡ ወገኖቼ፣ ሌሎችን እየረዳችሁ ላላችሁ ድርጅቶች የምለምነው ይህን ነው። ከንድፉ በፊት ወደ መንደሩ ሂዱ፤ የምትሄዱት ደግሞ በጥር ሳይሆን በነሐሴ ይሁን፤ ውሃው የሚዘጋውን መንገድ በዓይናችሁ እዩ። ቦታውን ልጆቹ ከሚያድሩበት ወገን ምረጡ፤ መኪና የሚቆምበት ወገን ሁለተኛ ነው። ግዢውን በክረምት ጨርሳችሁ ዕቃውን በበጋ አሻግሩ። ከምታዋጡት ገንዘብ የመጀመሪያውን ለመምህራን ቤትና ለውሃ አድርጉ፤ ለክፍል የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ከመንደሩ ልጆች መካከል ነገ መምህር የሚሆኑትን ዛሬ ለዩና ቀለባቸውን ቻሉ። የወረዳው በጀት ከምርቃቱ በኋላ ምን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ሳታውቁ መሠረት አትጣሉ።

ከሁሉም በፊት ግን ጠይቁ። እኔ ሳይጠየቅ በተወሰደ መሬት ላይ ተምሬ ነው እዚህ የደረስኩት፤ ተጠይቆ በተሠራ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆችንም ለማየት በቅቻለሁ። ሁለቱም ቦታ ፊደል ይቆጠራል። ልዩነቱ፣ በሁለተኛው ቦታ ልጁ የሚጽፈውን ያውቃል፤ መምህሩ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል፤ ቆርቆሮው በማን ወርቅ እንደተገዛም ያውቃል። እንዲህ ላለው ትምህርት ቤት ጠባቂ መቅጠር አያስፈልግም፤ መንደሩ ራሱ ይጠብቀዋል።